ሙሽሪት አልነሳም አለች

ወደ ቴአትር የገባሁት ጩኸቴ ተፈልጎ ነው። ቆንጆ ስለነበርኩ አይደለም፤ ዘፈንም አልችልም። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ወንድሟ በረሃብ ሲሞት አይታ የምትጮህ ትንሽ ልጅ ይፈልግ ነበር፤ በአሰበ ተፈሪ ደግሞ ከእኔ በላይ የምትጮህ ልጅ እንደሌለች ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

እናቴ አውራ ጎዳናው ዳር፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ ፊት ለፊት፣ ሻይ ቤት ነበራት። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ እሷና ያ ሻይ ቤት ናቸው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እዚያው በርጩማዎቹ መሀል ስሽሎከለክ ለመድኩት፤ የቱ ቀድሞ አፌ ውስጥ እንደገባ አላውቅም። የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌሮች የአንዱን አነጋገር ለሌላው እንዳስመስልላቸው ይጠይቁኛል፤ እኔም እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ድሬዳዋዊውን፣ አርሲውን፣ ትራፊክ ፖሊሱን እየሆንኩ አስቃቸዋለሁ። እናቴ ከጓዳ ሆና «በቃ!» ትላለች። እኔ ግን እሷንም አስመስዬ «በቃ!» እላለሁ።

የኪነት ቡድኑን ቴአትሮች የሚጽፈው የትምህርት ቤታችን የአማርኛ መምህር ነበር። ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንገቱን የሚያመው የሚመስል ሰው ነው። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣ ሳለ የአውቶቡስ ረዳት ሆኜ «ሚኤሶ! አዋሽ! ናዝሬት!» ብዬ ስጮህ ሰማኝ፤ ብርጭቆውን አስቀመጠና ወደ እናቴ ዞረ።

«እትዬ፣ ይቺን ልጅ ለመድረክ ይስጡኝ።»

«ልጄ አዝማሪ አትሆንም።»

«አዝማሪነት አይደለም እትዬ፣ አብዮታዊ ኪነት ነው።»

«ስሙ ሲቀየር ሥራው ይቀየራል?» አለችው፤ ሻዩን ግን ደገመችለት።

ያኔ እንዲህ ያለ ነገር በልመና ብቻ አይቀርም። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጥበቃ መጥቶ ልጅቷ ቅዳሜ አዳራሽ እንድትገኝ ተብሏል አለ። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን ዓይኔ እስኪወጠር አጥብቃ ሠራችኝ። በሩ ድረስ ሸኘችኝና «ከሄድሽ አይቀር በደንብ ጩሂ» አለችኝ።

ጮህኩ። አዳራሹ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ስለነበር ጣሪያው ድምፅ ያጠራቅማል። የጩኸቴ ብርታት የሞተውን ወንድሜን የሚጫወተውን ልጅ አስደንግጦት ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ራሱን ያዘ። እኔ ግን ልጁን በደረቱ ገፍቼ መልሼ አስተኛሁትና እንደገና ጮህኩ፤ ሁለተኛው ጊዜ ማንም አልሳቀም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታዬ የት እንደሆነ አወቅሁ።

ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ያልሆንኩት የለም። የባላባት ገረድ ሆኛለሁ፤ ማንበብ የተማረች አሮጊት ሆኜ ጺም የሚያህል የጥጥ ሽበት ተለጥፎብኛል፤ በአንድ ቴአትር ደግሞ ቃል የሌላት ፍየል ነበርኩ፤ በራሴ ፈቃድ ቃል ጨመርኩላት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ መምህሩ ሙሽራዋን ሰጠኝ።

ቴአትሩ ቀላል ነበር። አባት ልጁን ለአንድ ሀብታም ሽማግሌ ይድራል። ልጅቷ እምቢ ትላለች፤ ትደበደባለች፤ መሬት ላይ ትወድቃለች። በዚህ ጊዜ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ የማህበር ወጣት እየሮጠ ይገባል። እጁን ይዘረጋና «እህቴ ሆይ፣ ተነሽ! ማህበርሽ ከጎንሽ ነው!» ይላል። እጁን ይዤ እነሳለሁ፤ ሁሉም ይዘምራል፤ መጋረጃው ይዘጋል። ወጣቱን የሚጫወተው የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ነበር። ሲሮጥ ያምርበታል፤ ከዚያ ሌላ የሚያምርበት ነገር ትዝ አይለኝም።

ይህን ቴአትር ይዘን በጭነት መኪና አገሩን ዞርን። ሂርና አሳየን፤ በደሳና ገለምሶም አሳየን። ሚኤሶ ላይ ሙቀቱ ፊታችን ላይ የተቀባነውን ከሰል አቅልጦ አንገታችን ድረስ አወረደው፤ የመኪናው ጭነት ላይ ቆመን ስንጫወት ባቡር መጣና እስኪያልፍ ድረስ ሁላችንም እንደ ፎቶግራፍ ደርቀን ቆምን። በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙት ከብት አርቢዎች ያ መቆማችን ከሁሉ በላይ ሳይጥማቸው አልቀረም። አሰቦት ላይ ከገዳሙ ስትመለስ የነበረች አንዲት ተሳላሚ ሽማግሌውን ሙሽራ በምርኩዟ ጀርባውን አለችው። ምስኪን፣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቤቱ አራት ሴት ልጆች ያሉት ደግ ሰው።

በየሄድንበት ልጆች «ሙሽሪት! ሙሽሪት!» እያሉ ይከተሉኛል። ወደድኩት። የሰው ዓይን ሲከተለኝ ቁመቴ የጨመረ ይመስለኝ ነበር።

መቻራ የደረስነው ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። መንገዱ አጥንታችንን ሲያላጋው ውሎ አመሻሽ ላይ ገባን፤ በማግስቱ ጠዋት ቡና በሚሰጣበት ሜዳ ላይ ሁለት አንሶላ በገመድ ሰቅለን ጀመርን። ሕዝቡ ብዙ ነው። ግን ገና ከመጀመሪያው ነገሩ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ተመልካቹ አማርኛውን አይሰማም። ሰዎቹ እርስ በርስ ያወራሉ፤ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ ሴቶቹ በትህትና ፈገግ ይላሉ። አባቴን የሚጫወተው ሰው ረጅሙን ንግግሩን ለንፋስ አሰማው።

የእምቢታዬ ተራ ሲደርስ አፌ በራሱ ጊዜ ወሰነ።

«ዲዴ!» ብዬ ጮህኩ። «ዲዴ!»

ዲዴ ማለት በኦሮምኛ «እምቢ አልኩ» ማለት ነው። የሚሯሯጡት ሕፃናት ቆሙ። ሴቶቹ ፈገግታቸውን አቆሙ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መምህሩ ከአንሶላው ጀርባ «ጽሑፉ! ጽሑፉን ተከተይ!» ይላል፤ እኔ ግን የቀረውን ሁሉ በኦሮምኛ ቀጠልኩት። ለምን እንደማልፈልግ ነገርኳቸው፤ በጽሑፉ ውስጥ የሌለ ብዙ ነገርም ተናገርኩ። የሱቅ ሻጩ በአማርኛው እየሮጠ ገብቶ «ተነሽ!» ሲለኝ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ።

ዕቃችንን ስንሰበስብ አንዲት ልጅ አንሶላውን ገልጣ ገባች። በቁመትም በዕድሜም እኔን ታክላለች። እጇ በሂና ቀልቷል። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

«ያ ቀይ ጨርቅ ያሰረው ሰው የት ነው የሚኖረው?» አለችኝ በኦሮምኛ።

«ለምን ፈለግሽው?»

«መጥቶ እንዲያስነሳኝ።»

በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ የሂናውን እጅ አየሁ። ቡናው ተለቅሞ ሲያበቃ ለአንድ ሦስት ሚስት ላለው ሰው ልትዳር ነው። እናቷ አልቅሳለች፤ አባቷ ቃል ሰጥቷል። ወደ ሱቅ ሻጩ ወሰድኳት። ሣጥን ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል፤ ቀይ ጨርቁ ገና ክንዱ ላይ ነው። የምትለውን ተረጎምኩለት። ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም።

«ይሄ እኮ ቴአትር ነው በያት» አለኝ።

ይህን አልተረጎምኩም። እሷ ግን ከሳቁ ተረድታለች። ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺስ? ለሚሰማ ሰው ትነግሪልኛለሽ?»

«እነግርልሻለሁ።»

«ወላሂ በይ።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

«እንግዲያው በምታምኚበት ማይልኝ።»

«ማርያምን!» አልኳት። ለቀቀችኝ።

በመልሱ መንገድ ላይ ለመምህሩ ነገርኩት። ወደ ውጭ፣ ወደ ገደሉ እያየ «እናመለክታለን» አለኝ። ቃሉን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እናቴ ሻይ ቤት ውስጥ ሲያመለክቱ የሸበቱ ሰዎች ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ እንደ ገባን ራሴ ሄድኩ።

መጀመሪያ የሴቶች ማህበሩ ሰብሳቢ ዘንድ ሄድኩ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ የደከማት ሰው ነበረች።

«የኔ ልጅ፣ የመቻራ ጉዳይ የመቻራ ነው» አለችኝ።

«ቴአትሩ ላይ ግን ማህበርሽ ከጎንሽ ነው ይላል።»

«ቴአትሩ ልክ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ... ቴአትር ነው» አለችና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ገባሁ። ሊቀመንበሩ ወፍራም፣ ከወታደር የተረፈ ጃኬት በሙቀትም በብርድም የማያወልቅ ሰው ነው። የኪነት ቡድኑን የሚወደው እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ስለሆነ ነው። ነገሩን ስነግረው ሙሽራው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባው፤ የመቻራው የገበሬ ማህበር መሪ ወንድም ነው።

«እሱማ የታወቀ ገበሬ ነው» አለ። «ቡናውን በጊዜው የሚያስገባ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በወሬ አናስቀይምም።»

«ወሬ አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፤ ልጅቷን አይቻታለሁ።»

«አንቺ ቴአትርሽን ሥሪ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስመለስ «ቴአትሬን እሠራለሁ፤ ቆይ ብቻ» እል ነበር ለራሴ።  ያ ሁሉ ሰው በየከተማው ያጨበጨበልኝ ለውሸት ነበር? እያንዳንዷ «ሙሽሪት!» እያለች የተከተለችኝ ልጅ ቀይ ጨርቅ ያሰረው ሰው ይመጣል ብላ ትጠብቃለች? እኔ ነኝ እኮ እጁን ይዤ የተነሳሁት።

ታኅሣሥ ላይ ከክፍለ ሀገሩ ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡና የእኛ ቴአትር እንደሚታይ ተነገረን። በዋዜማው ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ማጠቧን አላቆመችም።

«እኔም ጮኼ ነበር» አለችኝ። «ያኔ ካንቺ አንስ ነበር። ያጨበጨበልኝ የለም እንጂ ጩኸቱንስ ጮኼዋለሁ።»

ስለ ጋብቻዋ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም ነበር። 

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ ቀጥላ።

«አልነሳም።»

«ከየት?»

«ከወደቅሁበት። ከመድረኩ።»

ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው። «ያስሩሻል።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ከውስጥ ወፍራም ልብስ ደርቢ። የቀበሌው እስር ቤት ይበርዳል።»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ሶፋ ተደርድሮ እንግዶቹ ተቀመጡ፤ መሀል ላይ ነጭ ፀጉር ጣል ጣል ያደረገባቸው ዋናው እንግዳ፣ ጎናቸው የእኛው ሊቀመንበር። ከኋላ የገበያ ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ የሻይ ቤታችን ሾፌሮች። እናቴ ቀሚሷን ለውጣ በሩ አጠገብ ቆማለች።

ሁሉም እንደ ወትሮው ሄደ። እምቢ አልኩ፣ ተመታሁ፣ ወደቅሁ። ሱቅ ሻጩ እየሮጠ ገባ። እጁን ዘረጋ።

«እህቴ ሆይ፣ ተነሽ! ማህበርሽ ከጎንሽ ነው!»

ተነስቼ በመቆም ፋንታ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ቃሉን የረሳሁ መስሎት ጎንበስ ብሎ «ተነሽ እንጂ!» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልነሳም» አልኩ፤ እስከ መጨረሻው ረድፍ በሚሰማ ድምፅ። «መጀመሪያ መቻራ ሂድ። መቻራ እኔን የምታክል ልጅ አለች። የት ነው የምትኖረው ብላ ጠይቃህ ስቀህባታል። ሠርጓ ከጥምቀት በፊት ነው። እሷ ሳትነሳ እኔ አልነሳም።»

ሰውየው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሬ ያንኑ በኦሮምኛ ደገምኩት፤ ማንም አልሰማሁም እንዳይል። ከኋላ ማጉረምረም ተነሳ። መጋረጃ ሳቢው ገመዱን ጎተተ፤ እኔ ወደ ፊት ተንፏቅቄ ከመጋረጃው ውጭ ሆንኩ። ሊቀመንበሩ ከሶፋው ብድግ ብሎ ወደ መድረኩ ወጣ። ላቡ ይታየኛል።

«ጓዶች!» አለ እጁን እያወዛወዘ። «አትደናገጡ! ይህ የቴአትሩ አካል ነው! ለዛሬ ተብሎ የተጨመረ አዲስ ትርኢት ነው!»

ያ ውሸት ነው ያዳነን። ዋናው እንግዳ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

«ግሩም ነው!» አሉ። «እጅግ ሕያው ነው። ታዲያ መጨረሻው እንዴት ነው?»

ሊቀመንበሩ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት።

«መጨረሻውን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፣ ጓድ። ልጅቷ መቻራ ናት። መኪናው ደጅ ቆሟል።»

አንዲት የገበያ ሴት ከኋላ እልል አለች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ሰውየው ዞረው ያን ሁሉ ሕዝብ አዩ። ቀልድ እንዳልሆነ የገባቸው በዚያች ደቂቃ ይመስለኛል፤ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ሲጠፋ አይቻለሁ። ግን ካጨበጨቡ በኋላ ወዴት ይመለሳሉ?

«መኪናው ይሂድ» አሉ። «የሴቶች ማህበሩ ሰብሳቢም አብራ ትሂድ። ጉዳዩ ተጣርቶ ይነገረኝ።»

ያን ጊዜ ተነሳሁ። ማንም እጄን አልያዘኝም።

እንግዶቹ ከተማውን ለቀው ሲወጡ ጠብቀው የቀበሌው ጥበቃዎች ከሻይ ቤት ወሰዱኝ። ጥፋቴ ያልጸደቀ ቃል መድረክ ላይ መናገር ነው ተባልኩ። ወፍራም ልብሴን ደርቤ ገባሁ፤ እናቴ እንዳለችውም ይበርዳል። እሷ በርጩማዋን ይዛ መጣችና የቀበሌው በር ላይ ተቀመጠች። ተነሺ ቢሏት «ልጄም አልነሳም ብላ ነው የገባችው» አለቻቸው። ያላወቀ ሰው ባለፈ ቁጥር ለምን እንደታሰርኩ ጮክ ብላ ትነግራለች፤ ጩኸቴን ከማን እንደወረስኩ ያኔ ነው የገባኝ። የእሷ ደንበኛ የሆኑ ሾፌሮች ደግሞ በቀበሌው ፊት ሲያልፉ ክላክሳቸውን ሳይለቁ ያልፋሉ። ግድግዳው በክላክስ ሲናወጥ እኔ ውስጥ ሆኜ እስቃለሁ። ሊቀመንበሩ ራሱ በሩን ከፍቶ «ይዘሻት ሂጂልኝ» እስኪላት ድረስ አልተወችውም።

መኪናው ከመቻራ የተመለሰው ልጅቷን ይዞ ነው። በኋላ እሷ እንደነገረችኝ፣ የማህበሩ ሰብሳቢ እዚያ ስትደርስ ስለ አብዮትም ስለ ማህበርም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የሠርጉ ድንኳን ሲተከል ደርሳ፣ አባትየው ፊት ቆማ «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ» ብቻ አለችው፤ እያለቀሰች። ሹፌሩና አብሯቸው የሄደው ፖሊስ መኪናው ጋ ቆመው ሴትዮዋን ያያሉ። ልጅቷ ማንም ሳያዛት ሄዳ መኪናው ውስጥ ገባች።

ማህበሩ ማደሪያ ስላልነበረው እኛ ዘንድ ሆነች፤ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ከእኔ ጋር አንድ አልጋ። ብዙ አታወራም። ሂናው ከእጇ እስኪጠፋ ድረስ በአመድ ትፈትገው ነበር።

ሊቀመንበሩ ግን ሰው ነው፤ አሰበ። ከክፍለ ሀገሩ ምስጋና ደርሶታል። አንድ ቀን ከመምህሩ ጋር ሻይ ቤት መጣና እቅዱን ነገረን፤ ቴአትሩ እንደገና ይዞራል፣ በመጨረሻው ላይ ግን እውነተኛዋ ሙሽራ ራሷ መድረክ ላይ ትወጣለች። ሕዝቡ በዓይኑ ያያታል።

«ምን ይላል?» አለችኝ ልጅቷ።

ተረጎምኩላት። ሊቀመንበሩን አየችው፤ ጃኬቱን፣ ጫማውን።

«ላኪ» አለች። ላኪ አይሆንም ማለት ነው። «አባቴ ሊሰጠኝ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ሊያሳየኝ ነው? ላኪ።»

«ምን አለች?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አይሆንም አለች። እኔም አይሆንም ብያለሁ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ከእሷ በፊት እኮ ሙሽራዋ እኔ ነኝ» አልኩት።

መምህሩ መሬት መሬት እያየ ነበር። ሲወጡ ግን ወደ ኋላ ቀረት ብሎ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «እንዳንቺ ያለ ተዋናይ አላገኝም» አለኝ፤ ሄደ። ከኪነት ቡድኑ ተባረርኩ። ሙሽራዋን ለሌላ ልጅ ሰጧት፤ ድምጿ ቀጭን ስለነበር ሕዝቡ «አይሰማም! አይሰማም!» ይል ነበር አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

መድረክ ሲያጣኝ ቦኖው፣ የሰፈሩ የውሃ ቧንቧ፣ ተቀበለኝ። የሰፈራችን ልጃገረዶች ውሃ ለመቅዳት ወረፋ ሲይዙ ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። እዚያ ከመቻራዋ ልጅ ጋር መጫወት ጀመርን፤ መጋረጃ የለ፣ አዳራሽ የለ። እሷ አባት ትሆናለች፤ አባቷን ስታስመስል አንጀት ይበላል፣ ደግሞ ያስቃል። እኔ ሙሽራዋ ነኝ። እወድቃለሁ። ቀይ ጨርቅ ያሰረ ሰው ግን አይመጣም። ወድቄ እንዳለሁ ቀና እልና ወረፋ ላይ ያሉትን «እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ?» እላቸዋለሁ።

ሳቁ፣ ከዚያ አሰቡ፣ ከዚያ መለሱ። አንዷ «አክስቴ ቤት እሮጣለሁ» አለች። ሌላዋ «አስተማሪዬ አባቴን ያናግረዋል» አለች። አንዲት ዝም የምትል ልጅ ደግሞ «እናቴ እንደማትፈልግ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ እሷን ነው ማስነሳት» አለችን። እያንዳንዱ መልስ በጽሑፍ ከተሰጠኝ መጨረሻ ሁሉ ይሻለኝ ነበር። ውሎ ሲያድር ነገሩ መልስ ብቻ አልሆነም፤ ሊዳሩ የተቃረቡ ልጆች ወደ ሻይ ቤቱ በጓሮ በር መምጣት ጀመሩ። የማህበሩ ሰብሳቢ በፊት ለፊት ትወቅሰናለች፣ በጓሮ ከሽማግሌዎች ጋር ታገናኘናለች። ሊቀመንበሩ ያልተፈቀደ ስብሰባ ታደርጋላችሁ ብሎ ሲጠራን «ውሃ እየቀዳን ነው» አልነው። እንስራዎቻችንን ይዘን ነበር የሄድነው።

ሁሉም ተሳክቶልናል አልልም። በደሳ ላይ አንዲት ልጅ ዘንድ ስንደርስ ተድራ አገኘናት፤ ስታየን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ያ ጀርባ እስከ ዛሬ አለ ፊቴ። ሂርና ላይ በድንጋይ አባረውናል። የሻይ ቤታችን መስኮት ስንት ጊዜ እንደተሰበረ አላስታውስም፤ በኋላ እናቴ መስታወቱን ትታ በጣውላ ዘጋችው። «ጨለማም ቢሆን ሻይ ይጠጣል» አለች።

የመቻራዋ ልጅ ትምህርቷን ገፍታ ጤና ረዳት ሆነች። ስትመደብ የትም አልፈልግም ብላ መቻራን ጠየቀች። አባቷ አላናገራትም። እናቷ በታመመች ጊዜ በበቅሎ አምጥቷት፣ ከጤና ጣቢያው አጥር ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ጠበቀ፤ መድኃኒቱን እናትየዋ ይዛ ወጣች፤ አብረው ሄዱ። «በጀርባም ቢሆን መጣ አይደል?» አለችኝ ልጅቷ። መጽናናት ይሁን ምሬት አልለየሁትም።

እኔ ከመንገድ አልወረድኩም። የመንግሥቱ ነገር ሲላላ፣ ማህበሮቹ በየከተማው በር መዝጋት ሲጀምሩ፣ አሁንስ ታቆማለች ያሉ ነበሩ። በዚያው ወራት ሚኤሶ አካባቢ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ልትዳር ነው የሚል ወሬ መጣልኝና በጭነት መኪና ሄድኩ። ዝናብ ቀርቶ ማሽላው ቆሞ የደረቀበት ጊዜ ነበር። አባትየው ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ግራር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ሰላምታ ሰጥቼ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«መንግሥት ነው የላከሽ?» አለኝ አንደኛው ሽማግሌ።

«አይደለም አባቴ።»

«ማህበር ነው?»

«ማህበሩ ተዘግቷል።»

«ታዲያ ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

ተያዩ። አባትየው በቁጣ ተነሳ። «ምን ላብላት? አንቺ ትቀልቢያታለሽ? ከብቶቼን አይተሻል?» እያለ እጁን ወደ ባዶው በረት ዘረጋ። አይቻለሁ። እዚያ የነበሩት ሁለት አጥንታቸው የወጣ ላሞች ነበሩ። በልጅነቴ ብሆን እጮህበት ነበር፤ ያኔ ግን የሰውየው ድምፅ ውስጥ ፍርሃት ሰማሁ፤ ፍርሃት ላይ አይጮህም።

«ከብቶቹን አይቻለሁ» አልኩት። «ልጅቷንም አይቻታለሁ። ልጅቷን ስለ ከብቶቹ አትስጣት። እስኪዘንብ እናቴ ዘንድ ትቀመጥ፤ እዚያው ትማር። ስትፈልግ መጥተህ እያት።»

 የግራሩ ጥላ ከእኛ ላይ ሸሸ፤ ፀሐይዋ ላይ ቀረን፤ ማንም አልተነሳም። በመጨረሻ አባትየው ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ ጎጆው ዞሮ ሚስቱን ጠራ።

ሴትዮዋ ወጣች። ልጅቷ ከኋላዋ ነበረች። አባትየው አገጩን ወደ እኔ ቀና አደረገ። እናትየው ገብታ የልጇን ልብስ በጨርቅ ቋጥራ ተመለሰች። ልጅቷ ቋጠሮዋን ተቀብላ አባቷ ፊት ቆመች። ራሷን በእጁ ዳበሳት።

አስፋልቱ ጋ እስክንደርስ ቋጠሮዋን ራሷ ተሸከመችው። መኪና ስንጠብቅ ቋጠሮዋ ላይ ተቀምጣ «እናትሽ ዘንድ ስሄድ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ትበያለሽ» አልኳት። «ከዚያ ትምህርት ቤት እናስገባሻለን።»

«እምቢ ቢሉንስ?»

ሳቅኩ። አንዱ ኤንትሬ ከሩቅ አቧራ እያስነሳ ሲመጣ አየሁና እጄን አነሳሁለት።